ይኼ የእኛ እጅ አይደለም

ሰው በሞተበት ቤት መጨረሻ ላይ የሚገባው ማነው ቢሉት፣ ኢንስፔክተሩ ሳያመነታ «እኔ ነኛ» ይል ነበር። ሬሳው ከተነሳ፣ ፎቶው ከተነሳ፣ ቃል ከተሰጠ በኋላ መዝገቡን ዘግቶ በሩን የሚቆልፈው እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ሲመስለው ኖሮ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ጮኸና ከእሱም በኋላ የሚገባ ሰው መኖሩን ተረዳ።

«ኢንስፔክተር፣ መነጽር ቤቱን የማጸዳው እኔ ነኝ» አለች ጠና ያለች ሴት። «ከእኔ በፊት እዚህ ያጸዳ ሰው አለ።»

«የቱን ነው ያጸዳው?»

«ላይኛውን ክፍል። እናንተ ሰውየው ደረጃው ሥር ሞተ ብላችኋል አይደል? ይምጡና ይዩ። ካልሲዎ ንጹሕ ይሁን ታዲያ፣ ጫማ አስወልቃለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ቆሽቱ አረረ። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ የዘጋውም እሱ ራሱ ነው። የመነጽር ቤቱ ባለቤት ሰኞ ጠዋት ከሱቁ ጀርባ ካለው የብረት ደረጃ ሥር ወድቆ ተገኘ። ያገኘው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። የሟች ማጅራት ተፈንክቷል፣ የታችኛው ደረጃ ጠርዝ ደም ነክቶታል፣ አንድ ጫማው ደረጃው መሃል ቀርቷል። የስልሳ አራት ዓመት ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን ሆኖ ደረጃ አዳልጦት ቢወድቅ ምን ይገርማል? ላይኛውን ክፍል በር ላይ ቆሞ አየት አደረገና ፈረመ። ማክሰኞ ተቀበረ፣ ረቡዕ የሟች እህት የሱቁን ቁልፍ ለጽዳት ሠራተኞቹ ሰጠች። እንግዲህ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ናት ፊርማውን የምታስተባብለው።

ሴትዮዋን ሰው ሁሉ «እትዬ ጓንት» ነው የሚላት። ሥራዋ ሬሳ ከተነሳ በኋላ የሚቀረውን ማንሳት ነው፤ ደሙን፣ ሽታውን፣ ዓይን የማያየውን በሽታ። ከልጇና ከምራቷ ጋር ሦስት ሆነው ይሠራሉ። ሥራዋን ሲሰማ እጇን ለመጨበጥ የሚያመነታ ሰው ብዙ ነው፤ እሷ ደግሞ ያንን ስታይ እጇን ትንሽ ቆይታ ነው የምትሰበስበው። «ሐኪም ሰው ያድናል፣ እኔ ቤት አድናለሁ» ትላለች፤ ደግሞም ቀልዷን አይደለም።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ቱታ ለብሳ፣ የእጅጌዋን ጫፍ ከጓንቷ ጋር በፕላስተር አሽጋ ጠበቀችው። ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ተሰምሯል፤ ከወዲህ ንጹሕ፣ ከወዲያ ቆሻሻ። ለእሱም ቱታ ሰጠችው። ሲለብሰው አፉ የታሰረ ከረጢት መሰለ፣ አብሮት የመጣው ሳጅንም ሳቁን ለመደበቅ ወደ መንገድ ዞረ።

ላይኛው ክፍል የመነጽር መስታወት የሚወለወልበት ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የተደረደሩ ጨርቆች፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ግድግዳውን ተጠግቶ የተቀመጠ አዲስ ማሽን። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፣ ለኢንስፔክተሩ ዓይን እንከን የለውም።

«ንጹሕ ነው እኮ» አላት።

«ንጹሕማ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የመወልወያ ዱቄት ሲራገፍበት የኖረ ወለል ከግድግዳው እስከ ደረጃው ድረስ ብቻ ምን ቢያገኘው ነው የሚያበራው?»

ተንበርክካ ከጠርሙስ የቀዳችውን ፈሳሽ በሴራሚኮቹ መጋጠሚያ ላይ ጠብ ጠብ አደረገች። ፈሳሹ ጸጥ ብሎ ቆየና ነጭ አረፋ ይነፋ ጀመር፤ አንዱ መጋጠሚያ፣ ሌላው፣ ቀጥሎ ያለው፣ ወደ ደረጃው እየሄደ።

«ደም ካላገኘ አይነፋም» አለች። ከዚያ ግድግዳው ሥር የተለጠፈውን የእንጨት ዞኮሎ በመሮ ፈልቅቃ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ቡናማ ደም ወርዶ ደርቋል። «ላዩን የጠረገ ሰው ጨረስኩ ይላል። ደም ግን ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ኢንስፔክተር። እኔ ደግሞ ተከትየው እሄዳለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ነገሩን ገጣጠመው። ሰውየው እዚህ ተመትቶ፣ ተጎትቶ፣ ደረጃው ሥር ተጋድሟል ማለት ነው። ጫማውን ሳይቀር መሃል ላይ ያስቀመጠለት ሰው አለ።

«የዚህ ሱቅ ቁልፍ ያለው ማነው?»

እትዬ ጓንት ቀና አለች። «ሦስት ሰው ነው። ሟች፣ መስታወት የሚወለውለው ሠራተኛው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን የምታጸዳለት ሴት።»

«እሷ ደግሞ ማናት?»

«ታች ከረጢት የምታስረዋ ናት። ምራቴ።»

ይህን ስትናገር ዓይኗን ከዓይኑ ላይ አልነቀለችም።

ምራቲቱ ጣቢያ ተወስዳ ቃሏን ሰጠች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ነገሯ ሁሉ ቁጥብ ነው።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ሄድሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው ስምንት ሰዓት። ሱቁ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እኔ ስምንት እገባለሁ።»

«ገባሽ?»

«ቁልፌ አልዞር አለ። ከውስጥ በኩል ሌላ ቁልፍ የተሰካበት ይመስላል። አንኳኳሁ፣ ዝም። ሄድኩ።»

«ወዴት?»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀ።

«ለባለቤቴ አይነግሩትም?» አለች በመጨረሻ። «መኪና መንዳት እየተማርኩ ነው። 'ያንቺ እጅ ለመሪ አልተፈጠረም' ስላለኝ ነው የደበቅኩት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ትምህርት ቤቱ ፈርሜያለሁ።»

«ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩልስ?»

«መናፈሻው ውስጥ ቁጭ ብዬ የመንገድ ምልክት አጠናሁ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«እኔ እንጃ። እኔ ምልክቶቹን ነበር የማየው።»

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ እጁን አፋተገ። «ጌታዬ፣ ቁልፍ አላት፣ ማጽዳት ታውቃለች፣ አንድ ሰዓት ተኩል የት እንደነበረች አይታወቅም። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

«ሰኞ ዕለትም እንዲሁ ነበር ያልከኝ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ምንም እንኳ ሰኞ ዕለት እንዲያ ያለው ራሱ ቢሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ አንዴ አፍስሷል፣ አሁን እየለቀመ ነው። ቢሆንም ልጅቷን መልቀቅ አልቻለም፣ የጣቢያው ማረፊያ ክፍል አስገባት። እትዬ ጓንት በር ላይ ስትሰማ አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስና ጨርቅ አውጥታ ለሳጅኑ አስጨበጠችው።

«የምትተኛበትን ቦታ መጀመሪያ በዚህ ጥረጉላት። አርሳችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ወዲያው አትወልውሉት።»

ሳጅኑ «እሺ እትዬ» ሲል ኢንስፔክተሩ ሰምቷል፤ ጠረገም።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊውን ጠየቀው። ከሟች ጋር በሱቅ ምልክት ሰሌዳ ሲነታረኩ መኖራቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ተጣልተናል» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን አንገትጌው ላይ እየሰካ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጣልተናል። አሁን ከማን ጋር ነው የምጣላው? እስቲ ይንገሩኝ።» ዓይኑ ውሃ ሞላ። ቅዳሜ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሽራና ስድስት ሚዜዎቿን ልብስ ሲያስለካ ነው የዋለው፤ ሰባት ሴት ይመሰክርለታል፣ ሰባቱም ቀሚሱ ጠቦናል እያሉ ነው የመሰከሩለት።

የሟች እህት ወንድሟን ስታነሳ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ነው። «ይህ ከተማ የሚያነበው በወንድሜ መነጽር ነው» አለች። «ያችን ማሽን ዓርብ ዕለት አስገባ። አንድ ቀን የሚፈጀውን መስታወት በሩብ ሰዓት ታወጣለች አለኝ፣ እንደ ልጅ እየፈነደቀ። ሰኞ ሊጀምርባት ነበር።»

«ሠራተኛውስ? ደስ አለው?»

«ወልዋዩ? ምን ደስ ይለዋል። 'ብነካት እጄን ይቁረጠው' ብሎ በአባቱ ሞት ምሏል አሉ። ይለምዳታል እያልን ሳቅንበት።»

ወልዋዩ ራሱ ሃምሳ ዓመት የዘለለ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ሐዘኑ ፊቱ ላይ ይነበባል፣ ሐዘኑም የእውነት ነበር። «ሰባት ሰዓት ላይ ተሰነባብተን ወጣሁ። ስምንት ሰዓት ፀጉር ቤት ነበርኩ፣ ፀጉር አስተካካዩን ይጠይቁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ጨመረ። «ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፣ ክፉ አልናገርባትም። ቁልፍ ግን አላት።»

ሳጅኑ ሄዶ ጠየቀ፣ ፀጉር አስተካካዩ «አዎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቷል» አለ፣ ተመዘገበ። ስለዚህ ሐሙስ ሲመሽ መዝገቡ ውስጥ የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ጓንት የኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።

«ምራቴን ልያት ብዬ አይደለም የመጣሁት። ሥራዋን ላሳይዎት ነው። ይነሱ።»

ሰው እንዲህ አዞት አያውቅም፣ ነገር ግን ተነሳ። ወደ መነጽር ቤቱ ሲሄዱም መጀመሪያ ፀጉር ቤቱ ጎራ አሉ፤ ምክንያቱም ሌሊቱን አንድ ነገር ሲከነክነው አድሯል፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚባል ሰዓት የለም።

«ስንት ሰዓት መጣ?» አለው።

«እኔ ሰዓት አላይም፣ ኳስ ነው የማዳምጠው። ሁለተኛው አጋማሽ እየተጀመረ ነበር።»

ጨዋታው የተጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለተኛው አጋማሽ አሥር ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

«ሌላስ የምታስታውሰው አለ?»

«ጣቶቹ ተጨማደው ነበር። 'ምነው፣ ልብስ ስታጥብ ነው የዋልከው?' ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።»

እትዬ ጓንት ይህን ሁሉ ከጎኑ ቆማ ሰማች። ላይኛው ክፍል ሲገቡ መጋረጃውን ዘጋች፣ የእጅ ባትሪዋን ወለሉ ላይ አጋድማ አበራችው። ብርሃኑ ወለሉን ታክኮ ሲሄድ፣ ትናንት እንከን የለሽ የነበረው ሴራሚክ በመስመር ተሞላ።

«መጀመሪያ፣ ይኼ ሰው በሙቅ ውሃ ነው ያጠበው» አለች። «ደም ሙቅ ውሃ ሲነካው ይበስላል፣ መጋጠሚያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አረፋው ያን ያህል የነፋው ለዚያ ነው። ምራቴን በመጀመሪያው ቀን ያስተማርኳት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት ቀዝቃዛ ትልዎታለች።»

«ልታሳስተን ብላ፣ ሆን ብላ አበላሽታው ቢሆንስ?»

«ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ነው የሚሠራው። ያን ጊዜ ተንኮል የሚያስብ እጅ የለም። አሁን ይኼን ይዩ።»

ጣቷን በብርሃኑ ላይ አዞረች። መስመሮቹ ክብ ናቸው። እያንዳንዱ ክብ ከመሃል ይጀምርና እየዞረ፣ እየሰፋ ወደ ዳር ይወጣል፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ ሳይነካኩ ተሰልፈዋል።

«ቤቱን የሚጠርግ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። እኛ ደግሞ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ጨርቁን እያጠፍን። ክብ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ቆሻሻውን መልሶ ያዞረዋል።» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ይኼ የእኛ እጅ አይደለም። የሚያምር እጅ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት እጅ ነው፣ ወለል ላይ ግን አልሠራም።»

ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀና የገዛ መነጽሩን መስታወት ተመለከተው። እዚሁ ሱቅ የተገዛ ነው።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች። «ጠረጴዛው ተወልውሏል። ግድግዳው ተወልውሏል። መሃላቸው ያለው ማሽን ላይ ግን ጨርቅ አላረፈበትም፣ የካርቶኑ ብናኝ እንኳ አልተነሳለትም። ዝቅ ብለው ከጠርዙ ሥር ይዩት።»

ዝቅ አለ። በማሽኑ የብረት ጠርዝ ሥር የደረቀ ደም አለ፣ ደሙ ላይ ሦስት ሽበት ተጣብቋል።

«ይኼን ለምን ተወው? ከሁሉ በፊት የሚጠረገው እሱ ነበር።»

«እሱን እኔ አላውቅም። የእኔ ሥራ ሳይጸዳ የቀረውን ማየት ነው። ለምን እንደቀረ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ኢንስፔክተሩም ያን ጊዜ አወቀ።

ወልዋዩን ከሰዓት በኋላ አስጠራው፤ ከዕቃው የጠፋ ካለ እንዲያይ ተብሎ። ማሽኑ ሥር ያለው ሁሉ ተነስቶ ለምርመራ ተልኳል። ወልዋዩ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ጨርቆቹን በእጁ ዳበሳቸው።

«የጠፋ የለም» አለ።

ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ በክርኑ ገፋው። ውሃው ፈሰሰ። ወልዋዩ ማንም ሳያዘው ጨርቅ አነሳ፤ ለሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ሲፈስ ዝም ብሎ አይቶ አያውቅም። ከመሃል ጀመረ። እየዞረ ወደ ዳር ወጣ፣ ጨርቁን አነሳ፣ ከጎኑ ደገመ። ጠረጴዛው እየደረቀ፣ እያበራ ሄደ። ውሃው ግን ከፊቱ ሸሽቶ ማሽኑ ሥር ገባ፣ ወልዋዩም አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«እሷንስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ትድረቅ።»

«ለምን?»

«አልነካትም። ምያለሁ።»

«ቅዳሜም አልነካሃትም። ሁሉን ወልውለህ እሷን ተውካት። ደሙ ያለው እሷ ላይ ነው።»

ወልዋዩ ጨርቁን አጣጥፎ ቦታው አስቀመጠው።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ። «አንድ መስታወት ተመልሶ መጥቶብኝ አያውቅም። 'ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጠህ እንግዳ ተቀበል' አለኝ። እየሳቀ። ለእኔ ያሰበልኝ መስሎት። ገፋሁት፣ አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ጠርዟ አገኘው።»

«ከዚያስ?»

«ሞተ መሰለኝ። ልጅቷ ስታንኳኳ ተንበርክኬ ነበር። እንዳትገባ ቁልፉን ከውስጥ ሰክቼዋለሁ። መወልወሌን ቀጠልኩ።»

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ከመቀበሩ በፊት ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ያለውን ልንገርህ። ከተመታ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር። ለወለሉ የሰጠኸውን ጊዜ ለሰውየው ብትሰጠው ኖሮ ዛሬ አንተም በር ላይ ተቀምጠህ ታኮርፍ ነበር፣ እሱም ይስቅብህ ነበር።»

ወልዋዩ ሁለት እጆቹን አነሳና አያቸው። ሳጅኑ እስኪይዘው ድረስ አላወረዳቸውም።

ምራቲቱን ከጣቢያው ያወጣት ራሱ ኢንስፔክተሩ ነው። ይቅርታ ማለት ስላልለመደበት «የተኛሽበት ክፍል ደህና ነበር?» አላት፣ እሷም ገባት። በመኪናው እስከ መነጽር ቤቱ አደረሳት። የሟች እህት በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፤ ወንድሟ ሲሠራ የኖረበትን ክፍል ሳታይ አልሄድም ብላለች። ላይ፣ እትዬ ጓንት ደም የጠጣውን ሴራሚክ አንድ በአንድ እየነቀለች በቢጫ ከረጢት ትከታለች። ምራቷን ስታይ አልተነሳችም፣ መሮውን ብቻ አስቀመጠች።

ልጅቷ ቀይ ፕላስተሩ ጋ ቆመች፤ ቱታ ሳይለብሱ አይታለፍም።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሐሙስ ዕለት ለፖሊስ ሲደውሉ፣ ነገሩ እኔ ላይ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?»

«ቁልፉን ማን እንደያዘው አላውቅም እንዴ? አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አስቻለዎት?»

ኢንስፔክተሩ መሄድ ሲገባው ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማል። ይህን ጥያቄ እሱም ከትናንት ጀምሮ ይዞት ዞሯል።

«ወለሉን አየሁታ» አለች እትዬ ጓንት። «ያንቺ ቢሆን ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር። አሥር ጠርሙስ ባፈስበት አረፋ የሚባል አይነሳም ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እንደዚያ ብዬ ነው፣ ልጄ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ቱታዋን ለበሰች፣ ሁለት ጓንት ደራርባ አጠለቀች፣ የእጅጌዋን ጫፍ በፕላስተር አሸገች። ፕላስተሩን ተሻግራ ከአማቷ ጎን ተንበረከከች።

«የመኪናውን ነገር ደግሞ ቤት ስንገባ እናወራለን» አለቻት እትዬ ጓንት ሳትዞር። «ባልሽን ለእኔ ተይው።»

«እሺ እማ።» ከዚያ ምራቲቱ ቀና ብላ ደረጃው ላይ የቆመውን ሰው አየችው። «ኢንስፔክተር፣ ከቆሙ አይቀር ከታች ውሃ ያቀብሉን።»

ኢንስፔክተሩ ጫማውን አወለቀ። ባልዲውን አነሳና ሁለቱን የቧንቧ መዝጊያዎች አያቸው።

«ቀዝቃዛውን ነው አይደል?» ብሎ ከታች ጠየቀ።

«ቀዝቃዛውን» አሉት ሁለቱም።